በሱፐር ቦውል መጨረሻ ደቂቃዎች መሪነት ሲያመልጥ ተጠያቂው ተከላካዩ ብቻ ነውን?

ጥያቄ
በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ (ሱፐር ቦውል) ላይ ሲመራ የቆየ ቡድን በአራተኛው ሩብ ሲሸነፍ ወቀሳው ሁሉ በተከላካዩ ክፍል ላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያትል ሦስተኛው ሩብ ሲያበቃ 24 ለ14 ይመራ ነበር፤ በውድድር ዘመኑ ከሊጉ ሁሉ ያነሰ ነጥብ ያስተናገደው ይህ ተከላካይ ግን በአንድ ሩብ ሁለት ተችዳውን (ኳሷን እስከ ሜዳው መጨረሻ በማድረስ የሚገኝ ባለ ስድስት ነጥብ) ተቆጥሮበት በኒው ኢንግላንድ 28 ለ24 ተረታ። እንዲህ ያለ ተከላካይ በ15 ደቂቃ የሚፈርሰው በድካም ነው ወይስ አሰልጣኞች ከልክ በላይ ሲጠነቀቁ?

መልስ 1
እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አጥቂውን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አትላንታ 28 ለ3 ከመራ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 34 ለ28 ሲሸነፍ፣ ኒው ኢንግላንድ 93 ጊዜ ሲያጠቃ አትላንታ ያጠቃው 46 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ ሮጦና ተጋጭቶ እግሩ የማይዝል ተከላካይ የለም። ጨዋታው ሊያልቅ 8 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሲቀረው፣ ውጤቱ 28 ለ12 ሆኖ፣ አትላንታ በሦስተኛ ሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ያርድ ብቻ ነበር (ቡድን 10 ያርድ ለመጓዝ አራት ሙከራ አለው)። ኳሷን ይዞ መሮጥ ሰዓቱን ባስኬደ ነበር፤ የአትላንታ ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) ማት ራያን ግን ሊወረውር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የኒው ኢንግላንዱ ዶንታ ሃይታወር ደርሶ ከእጁ አስጣለው። ተከላካዩ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

መልስ 2
ድካም ሁሉንም አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ኢንግላንድ 2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሲቀር 14 ለ10 እየመራ የኒው ዮርክን የመጨረሻ ማጥቃት ሊያቆም ጥቂት ቀርቶት ነበር። የኒው ኢንግላንዱን ተከላካይ አሳንቴ ሳሙኤልን ኳሷ እጁን ነክታ አለፈችው፤ በቀጣዩ ሙከራ ተከላካዮች የኒው ዮርኩን ኳርተርባክ የኢላይ ማኒንግን ማሊያ ጨምድደው ይዘውት አመለጣቸውና የቡድን ጓደኛው ዴቪድ ታይሪ የወረወረለትን ኳስ ከራስ ቁሩ ጋር አጣብቆ ያዛት። 32 ያርድ ነበር። ለእኔ ዋናው ነገር ኳርተርባኩ ላይ የሚደረገው ጫና በቅጽበት መዘግየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳን ፍራንሲስኮ 20 ለ10 እየመራ ካንሳስ ሲቲን በሦስተኛ ሙከራ 15 ያርድ እንዲያስፈልገው አድርጎት ነበር፤ የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ግን ጫናውን ሸሽቶ ወደ ኋላ ርቆ ለታይሪክ ሂል 44 ያርድ አቀበለው፤ ጨዋታውም 31 ለ20 አለቀ።

መልስ 3
የሲያትልን ነገር ሁለታችሁም ዘለላችሁት። የሲያትሉ ተከላካይ ጄረሚ ሌን በመጀመሪያው ሩብ ኳስ ነጥቆ ሲወድቅ ክንዱ ተሰበረ፤ በኋላም ኳርተርባኩን የሚያሳድደው ክሊፍ አቭሪል ጭንቅላቱን ተጎድቶ ወጣ። የኒው ኢንግላንዱ ኳርተርባክ ቶም ብራዲ የሌንን ተተኪ ደጋግሞ ሲያጠቃ፣ ጁሊያን ኤደልማን ያስቆጠረው የማሸነፊያ ተችዳውንም በዚያው ተተኪ በኩል ነበር። በዚያ ምሽት ወሳኙ የተጠባባቂዎች ጥራት ነበር ማለት ይቻላል።

መልስ 1
መልስ 2 ያነሳውን የ2008ቱን እቀበላለሁ፤ በ2017ቱ ግን አቋሜን አልለውጥም። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ጁሊዮ ጆንስ በአስደናቂ አያያዝ አትላንታን እስከ 22 ያርድ መስመር አደረሰው። ከዚያ ሮጦ ሰዓት ማቃጠልና ኳሷን በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ መጨመር ይበቃ ነበር፤ ወርውር ተብሎ ራያን ኳሷን እንደያዘ ወደ ኋላ ተጣለ፤ ቀጥሎም ተቃራኒን በመያዝ ጥፋት ቅጣት መጣ፤ የመምቻው ርቀት አለፈና ኳሷ ለብራዲ ተመለሰች። በዚህ ውስጥ ተከላካዩ ሜዳ ላይ እንኳ አልነበረም።