የአማርኛ የሥራ ዝርዝር በቱዱ ዶት ቲኤክስቲ ፎርማት፦ ላይብረሪው የቱን ይንካ፣ የቱን ይተው?

ጥያቄ፦ ቀለም_ቀንድ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት አነስተኛ የኅትመት ክፍል የእርማት፣ የገጽ ቅንብርና የማተሚያ ቤት ክትትል ሥራዎቹን የሚመዘግበው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ባልደረቦቼ ፋይሉን አንዱ በኮምፒውተር፣ ሌላው በስልክ፣ እያንዳንዱ በለመደው ኤዲተር እየከፈተ ስለሚጽፍበት ወደ ዳታቤዝ የመዞር ሐሳብ የለንም። ይሁንና ዝርዝሩ እየረዘመ በመሄዱ ሥራዎችን በፕሮጀክት የሚለይ፣ ቀነ ገደባቸው የተቃረበውን የሚያሳይና ያለቁትን ወደ ማኅደር ፋይል የሚያዛውር ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ለዚህም ጂና ትራፓኒ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችውን የቱዱ ዶት ቲኤክስቲ ፎርማት መርጫለሁ፤ አንድ መስመር አንድ ሥራ መሆኑና ያለ ምንም ፕሮግራም በዓይን መነበቡ ለአሠራራችን ይስማማል።

ከፋይላችን አንድ መስመር እነሆ፦

2025-02-11 የምዕራፍ ሦስት ሁለተኛ እርማት +መዝገበ_ቃላት @ቢሮ ቀነ_ገደብ:2017-06-30

የመጀመሪያውን ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚያስገባው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ የመጨረሻው ግን አንድ ባልደረባዬ በእጁ የጻፈው የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንዱ «@ሥራ» ሌላው «@ስራ» እያለ ስለሚጽፍ በመለያ ስፈልግ ግማሹ ሥራ አይገኝም። እንግዲህ ዝግጁ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት የኮድ ስብስብ) ብጠቀም ይሻላል ወይስ ፎርማቱ ቀላል ስለሆነ ፋይሉን የሚያነበውን ክፍል ራሴ ልጻፈው? የአማርኛ ፊደልንና የእኛን ዘመን አቆጣጠር በተመለከተስ ልጠነቀቅበት የሚገባኝ ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዝርት

ፎርማቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ትናንሽ ደንቦች ስላሉት፣ መስመሩን ተንትኖ የሚያነበውን ክፍል ለፓይተን ከተዘጋጁት ላይብረሪዎች ለአንዱ፣ ለምሳሌ ለፓይቱዱቲኤክስቲ፣ ቢተዉትና እርስዎ አማርኛን የሚመለከተውን ስስ ሽፋን ብቻ ከላዩ ቢጽፉ ይሻላል እላለሁ። ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ በቅንፍ የታጠረ ትልቅ የላቲን ፊደልና ከእሱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ይኖረዋል፤ ያለቀ ሥራ በትንሹ የላቲን ኤክስና በክፍት ቦታ ይጀምርና መጀመሪያ ያለቀበት ቀን፣ ቀጥሎ የተመዘገበበት ቀን ይጻፍበታል። እነዚህ ምልክቶች የላቲን ሆነው መቅረት አለባቸው። በአማርኛ ፊደል ብንተካቸው ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም የሚከፍት ባልደረባ ያለቀውን ካላለቀው መለየት አይችልም፤ ኪቦርድ መቀያየር ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ምልክቱን ፕሮግራምዎ በአንድ ትእዛዝ ያስገባላቸው።

አማርኛ ላይ የሚያስቸግረው በተለይ መለያው ነው። ደንቡ የመደመርም (የፕሮጀክት መለያ) ሆነ የ«@» (የቦታ ወይም የሁኔታ መለያ) ምልክት ከፊቱ ክፍት ቦታ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ መስተዋድዱን ከቃሉ ጋር አጣብቀን መጻፍ ስለለመድን «በ@ቢሮ የሚታረም» ብለን እንጽፋለን፣ ይህን ማንኛውም በደንቡ የሚሄድ ላይብረሪ መለያ ብሎ አይቆጥረውም። በአንጻሩ «@ቢሮ።» ተብሎ ከተጻፈ አራት ነጥቡ ክፍት ቦታ ስላልሆነ የመለያው አካል ሆኖ ይነበባል፤ «@ቢሮ» እና «@ቢሮ።» ሁለት የተለያዩ መለያዎች ይሆናሉ ማለት ነው። ባልደረቦችዎ መለያዎችን ሁሉ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ያለ መስተዋድድና ያለ ሥርዓተ ነጥብ እንዲጽፉ ቢስማሙ ብዙ ኮድ ከመጻፍ ይድናሉ።

ከዚህ የባሰው የአማርኛው ሁለት ነጥብ «፡» ነው። ዓይን ከላቲኑ ኮለን አይለየውም፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም ሌላ ፊደል ነው። «ቀነ_ገደብ፡2017-06-30» ብሎ የጻፈ ሰው ቀነ ገደብ ያስገባ ይመስለዋል፣ ላይብረሪው ግን ተራ ቃል አድርጎ ያልፈዋል፣ ማንም ስሕተት መኖሩን አይናገርም። በተጨማሪም ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ይህን ምልክት ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከክፍት ቦታ ስለማይመድበው ቃላትን በሁለት ነጥብ እየለየ የሚጽፍ ባልደረባ ካለዎት ሙሉው ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይነበባል።

ወደፊት የድረ ገጽ ገጽታ የሚጨምሩለት ከሆነ ደግሞ ይህን ያስቡበት፦ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍ መፈለጊያ ቅጥ) ውስጥ «የቃል ፊደል» ማለት የሆነው አጭር ምልክት በፓይተን 3 የግእዝ ፊደልን ያካትታል፣ በጃቫስክሪፕትና «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን የላቲን ፊደልን፣ አኃዝንና የሥር መስመርን ብቻ ነው የሚይዘው። በፓይተን የሠራው ፍለጋ እዚያ ሲደርስ ባዶ ውጤት ይመልስልዎታል።

የፊደል መለያየቱን በተመለከተ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን ባስቀመጠ ቁጥር ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቢለውጥ ችግሩ በአንድ ጊዜ ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ባሕረ_ሐሳብ

እኔ ስለ ቀኑ ብቻ ልናገር፤ በጥያቄዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። «2017-06-30» በጎርጎርዮስ አቆጣጠርም ትክክለኛ ቀን ነው፤ በጁን መጨረሻ ላይ የሚውል፣ ሥራው ከመመዝገቡ ከሰባት ዓመት በላይ የቀደመ ቀን። ላይብረሪው ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበለዋል፣ ፕሮግራምዎም ገና ያልደረሰውን ሥራ ጊዜው ያለፈበት ብሎ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን 5 ቀንን «2017-13-05» ብለው ቢጽፉት ፓይተን 13ኛ ወር የለም ብሎ ስሕተት ያሳያል፤ ጥቅምት 30ም «2017-02-30» ሲሆን እንዲሁ ይያዛል። እነዚህ የሚያሳስቡ አይደሉም፣ ጮኸው ይናገራሉና። የሚያሳስበው ዓመቱን ሙሉ በዝምታ የሚያልፈው ብዙኃኑ ቀን ነው።

ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ቀን ሁልጊዜ ጎርጎርዮሳዊ እንዲሆን፣ የኢትዮጵያው ቀን በሚታየው ገጽና በሚገባው ቅጽ ላይ ብቻ እንዲኖር እመክራለሁ። በእጃቸው የሚጽፉ ባልደረቦችን ማስቆም የማይቻል ከሆነ የተለየ ቁልፍ (ከኮለኑ በፊት የሚጻፍ ስም) ይስጧቸው፤ ፎርማቱ ቁልፉም እሴቱም ክፍት ቦታና ኮለን እስከሌለባቸው ድረስ በማንኛውም ፊደል እንዲጻፉ ይፈቅዳል። «ቀነ_ገደብ» ለጎርጎርዮስ ቀን ከሆነ «ዓም» የሚለው ቁልፍ ለእኛ ይሁን፤ ሁለቱን በዓመቱ ቁጥር እገምታለሁ ብሎ መነሣት ግን አይበጅም። በዚያ ላይ ቀነ ገደቡ ከተመዘገበበት ቀን ቀድሞ የተገኘውን መስመር ሁሉ ፕሮግራሙ ለይቶ ቢያሳይዎት፣ እንደ ላይኛው ያሉት መስመሮች ወዲያውኑ ይጋለጣሉ።

መለወጫው ረጅም አይደለም። ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ትተው ሙሉውን ቁጥር ይደምሩበት፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይጨምሩ፤ ቀኑንና 2795ን ያክሉበት። የሚያገኙት ፓይተን ለቀኖች የሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው። በእርስዎ መስመር ብንሞክረው 735840፣ 504፣ 150፣ 30 እና 2795 ተደምረው 739319 ይሆናሉ፤ ይህም ማርች 9 ቀን 2025 ነው። ከመለወጡ በፊት ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀረው ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ስለነበር የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ያለዚህ ማረጋገጫ ስሌቱ የሌለችውን ጳጉሜን 6 ተቀብሎ መስከረም 1 አድርጎ ይመልስልዎታል።

መልስ፦ ጠርዝ

ከእንዝርት ጋር በአብዛኛው ብስማማም በመጨረሻው ሐሳብ ግን አልስማማም። ፕሮግራሙ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ፊደል መለወጥ የለበትም። የኅትመት ክፍል የሥራ ዝርዝር ውስጥ የመጽሐፍ ርእስና የደራሲ ስም አለ፤ «ሠዓሊ» ብሎ በጥንቃቄ የጻፈን አራሚ ፋይል በማግስቱ «ሰአሊ» ብሎ መመለስ በእሱ ሥራ ላይ ጣልቃ መግባት ነው። የተጠቀሰው የፊደላት ሠንጠረዥ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን ፕሮግራሙ ሁለት መለያዎችን ሲያነጻጽር በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ይጠቀምበት፤ «@ሥራ» እና «@ስራ» በፍለጋ አንድ ይሁኑ፣ በፋይሉ ላይ ግን እያንዳንዱ እንደተጻፈ ይቆይ። ሠን ወደ ሰ ሲለውጡ ሰባቱንም ቤቶች በየራሳቸው መለወጥዎን አይርሱ፤ ሀ፣ ሃ፣ አ እና ኣ ደግሞ በቤትም ጭምር ስለሚምታቱ የራሳቸው ደንብ ያስፈልጋቸዋል። የዩኒኮድ መደበኛ የማስተካከያ ዘዴዎች እነዚህን ፊደላት አያዋሕዱም፣ ሠንጠረዡን መጻፍ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ይህንኑ መርሕ ላይብረሪ ሲመርጡም መለኪያ ያድርጉት። ፋይልዎን አንብቦ ምንም ሳይለውጥ መልሶ እንዲጽፍ ያድርጉና ሁለቱን ፋይሎች በባይት ያነጻጽሩ። ድርብ ክፍት ቦታን ወደ ነጠላ የሚያጠፍ፣ የማያውቀውን ቁልፍ ወደ መስመሩ መጨረሻ የሚገፋ ወይም ባዶ መስመር የሚጥል ላይብረሪ ከሆነ ቀሪው ባሕርዩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አይጠቀሙበት። የራስዎን ቢጽፉም እያንዳንዱን መስመር እንደተነበበ ከነመልኩ ይያዙት፤ ተጠቃሚው የለወጠው መስመር ብቻ እንደገና ይቀናበር።

ፋይሉን ሲከፍቱ ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ ወደ ባይት የሚለወጡበት ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ለረጅም ጊዜ የኮምፒውተሩን ነባሪ ኢንኮዲንግ ሲወስድ ስለኖረ አማርኛው ይበላሻል ወይም ፕሮግራሙ ይቆማል። አንዳንድ ኤዲተሮች ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ይጨምራሉ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ የሁሉም ሥራ ቅድሚያ በትክክል ሲነበብ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ቅድሚያ እንደሌለው ይቆጠራል፣ ምክንያቱም መስመሩ የሚጀምረው በቅንፍ ሳይሆን በዚያ ምልክት ነው። ሲያነቡ ዩቲኤፍ-8-ሲግ የሚለውን የፓይተን ኢንኮዲንግ ከተጠቀሙ ምልክቱ ካለ ይነሣል፣ ከሌለም ምንም አይጎድልም፤ መልሰው ሲጽፉ ግን ምልክቱ እንደነበር ያስታውሱና እንደነበረው ይተዉት።

በዚሁ አጋጣሚ የተመዘገበበትን ቀን በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ማስገባትዎን አያቋርጡ። ፎርማቱ የታሰበው ፋይሉ በተራ የፊደል ቅደም ተከተል ሲደረደር ቅድሚያ ያለው ወደ ላይ፣ በኤክስ የሚጀምረው ያለቀ ሥራ ወደ ታች እንዲሄድ ነው። የግእዝ ፊደላት በዩኒኮድ ከላቲን በኋላ ስለሚመጡ በአማርኛ ቃል የሚጀምር ቀን የሌለው ሥራ በኮድ ቁጥር ሲደረደር ካለቁት ሁሉ በታች ይወድቃል። በቀን ከጀመረ ግን አኃዝ ከፊደል ስለሚቀድም ቦታውን ያገኛል።

ጥያቄ፦ ቀለም_ቀንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ዓም» የሚለውን ቁልፍና በማነጻጸር ጊዜ ብቻ የሚሠራውን ሠንጠረዥ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ ፋይሉ በጋራ ፎልደር ውስጥ ስለሚገኝ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጽፉበት፣ ወይም ያለቁ ሥራዎች ወደ ማኅደሩ ሲዛወሩ መብራት ቢጠፋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠርዝ

ዋናውን ፋይል በላዩ ላይ አይጻፉበት። በዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ጽፈው ወደ ዲስክ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ በስም ለውጥ ይተኩት፤ ጊዜያዊው በሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን መተካቱ አንድ ወጥ እርምጃ መሆኑ ይቀራል። ሁለት ሰዎች ለሚጽፉበት ሁኔታ፣ ፋይሉን ሲያነቡ የይዘቱን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) ይያዙና ከመጻፍዎ በፊት እንደገና አንብበው ያነጻጽሩ። ተለውጦ ከተገኘ የእርስዎን ለውጥ በአዲሱ ይዘት ላይ እንደገና ያስፈጽሙ፤ መስመሩን የሚፈልጉትም በቁጥሩ ሳይሆን በቀድሞ ጽሑፉ ይሁን፣ ሌላው ሰው ከላይ አንድ ሥራ ጨምሮ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ሌላ ሥራ ያመለክታልና። ጽሑፉ ካልተገኘ ግን ፕሮግራሙ አይገምት፣ ለተጠቃሚው ያሳውቅ። ይህ አደጋውን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ የተለያዩ መሣሪያዎችን የሚያመሳስል ፕሮግራም ካላችሁ የግጭት ቅጂ ፎልደሩ ውስጥ መፈጠሩንም ፕሮግራምዎ እየተመለከተ ያስታውቅ።

ማኅደሩን በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ ያለቀውን ሥራ መጀመሪያ በማኅደሩ መጨረሻ ላይ ይጨምሩ፣ መጻፉን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከዋናው ፋይል ያንሡት። መብራት በመካከል ቢጠፋ አንድ ሥራ በሁለቱም ፋይሎች ይገኛል፤ ይህን በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዓይነት መስመሮችን በማነጻጸር ማጥራት ይቻላል። በተገላቢጦሽ ከሄዱ ግን ሥራው ከሁለቱም ይጠፋል።