ለረጅም ርቀት ትራያትሎን ከባድ የጂም ልምምድ ያዋጣል?

የጅማው_ሯጭ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለግማሽ አይረንማን (1.9 ኪ.ሜ ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ) የሚዘጋጅ ሰው ረጅሙን ሩጫና ብስክሌት ቀንሶ ጂም ውስጥ በክሮስፊት (ብረት ማንሳትና ሌላ እንቅስቃሴ እያቀላቀሉ በትንሽ እረፍት በፍጥነት የሚሠራ ልምምድ) ቢተካው ያዋጣዋል? የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ መንገድ መውጣት አይታሰብም።

ባለብረቱ፦ መተካት አያዋጣም፣ መጨመር ግን እንዴታ! እንደ ክሮስፊት እያለከለኩ 20 ጊዜ ማንሳት ጥንካሬም ጽናትም በቅጡ አይሰጥም። በሳምንት 2 ቀን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ) እና ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ 3 ዙር፣ በዙር ከ4 እስከ 6 ድግግሞሽ፣ በመሃል 3 ደቂቃ እረፍት። ዙሩን ስትጨርስ ሁለት ጊዜ ያህል የማንሳት አቅም ይትረፍህ። ባትህን በአንድ እግር ቆመህ አሠራው፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ሆነህ ተረከዝህን ቀስ ብለህ አውርድ።

እህተ_ፔዳል፦ ወንድሜ፣ ቀኑን ተጠንቀቅ። በረጅም ሩጫ ማግስት ዴድሊፍት ከያዝክ የዛለው ጭንህ ሸክሙን ለወገብህ ይተውለታል፤ ጀርባህ መጉበጥ ሲጀምር ብረቱን አስቀምጥ። ከባዱን ከከባዱ ጋር በአንድ ቀን አድርገው፦ ጠዋት ኢንተርቫል (ፈጣኑንና ቀላሉን እያፈራረቁ መሥራት)፣ ቢያንስ 6 ሰዓት አርፈህ ብረት፣ ማግስቱ ቀላል። ለዝናቡ ደግሞ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ ትሬይነር (ብስክሌቱን ባለበት የሚያስነዳ ማቆሚያ) ላይ ማሰር ነው። ሩጫውን ንጋት ላይ ጨርሰው።

የጅማው_ሯጭ፦ ውድድር ሲቃረብስ?

ባለብረቱ፦ ሁለት ሳምንት ሲቀር ክብደቱን ሳትነካ ዙሩን በግማሽ ቀንስ። በመጨረሻው ሳምንት ከባድ የእግር ሥራ የለም። አዲስ እንቅስቃሴም አትሞክር፤ የጡንቻ ሕመሙ በ2ኛው ቀን ነው የሚብሰው።