ክርክር፦ የኬራላ ዝሆኖች ከበዓሉ አደባባይ ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ፦
ዛሬ የምንከራከረው ስለ ኬራላ ነው፤ ደቡብ ሕንድ። ጉዳዩን ለዓለም ካወጡት ሰዎች አንዷ ሳንጊታ አይየር ናት። ኬራላ ተወልዳ ካናዳ የምትኖር ጋዜጠኛና ፊልም ሠሪ ነች። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለአባቷ ሙት ዓመት አገሯ ስትገባ የቤተ መቅደስ ዝሆኖችን በቅርብ አየች። እግራቸው በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ቆስሏል። ካሜራ ይዛ ተመለሰች። «ጎድስ ኢን ሻክልስ» (አማልክት በሰንሰለት) የተባለው ዘጋቢ ፊልሟ በ2016 ወጣ። በዚያው ዓመት ለእስያ ዝሆኖች የሚሟገት ድርጅት አቋቋመች።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ዝሆኖቹ ከበዓል ሰልፍ ጨርሰው ይውጡ? ወይስ አያያዛቸው ተሻሽሎ ይቆዩ? ስድብ አይፈቀድም። ግቡ።

የታሪክ መምህር፦
እኔ ይቆዩ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ትሪሹር ፑራም ከ200 ዓመት በላይ የቆየ የኬራላ በዓል ነው። የጀመረው የኮቺን ገዥ የነበረው ሳክታን ታምፑራን ነው። በሁለት ቤተ መቅደሶች ስም 15 ዝሆን በአንድ ወገን፣ 15 በሌላው ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ግንባራቸው ላይ የሚያብረቀርቅ የወርቅ ቅብ ጌጥ አለ። ጀርባቸው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ባለቀለም ጃንጥላ እየቀያየሩ ይወዳደራሉ። ከበሮው ለሰዓታት ይመታል። አደባባዩ በሰው ይጥለቀለቃል። ከዚህ ውስጥ ዝሆኑን አውጥታችሁ ምን ይቀራል?

ደግሞ ሕዝቡ ዝሆን ይጠላል እንዳትሉኝ። ጉሩቫዩር ኬሻቫን የተባለው የቤተ መቅደስ ዝሆን በ1976 ሲሞት ሐውልት ቆመለት። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። በዝናቡ ወራትም ለዝሆኖቹ የአንድ ወር እረፍት፣ ልዩ ቀለብና የባህል ሕክምና ይሰጣል። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ጨካኝ ተብሎ ሲሳል ያመኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ጋሼ፣ ሰዎቹ ዝሆን ይወዳሉ በሚለው እስማማለሁ። እኔ የማየው ግን እግሩን ነው።

ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ይበላል። በዱር የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ምግብና ውሃ ፍለጋ እየተንቀሳቀሰ ነው። እግሩም የተሠራው ለዚያ ነው። ከውስጥ እግሩ በላይ ወፍራም የስብ ትራስ አለው። ሲረግጥ ይሰፋል፣ ሲያነሳ ይሰበሰባል። ይህን ዝሆን ሲሚንቶ ላይ አስራችሁ፣ በራሱ ሽንትና ፋንድያ መሃል ስታቆሙት፣ ውስጥ እግሩ ይሰነጠቃል። ጥፍሩ ሥር መግል ይቋጥራል። ኢንፌክሽኑ አጥንት ከነካ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። በሰው እጅ ያሉ ዝሆኖችን በብዛት ለሞት ከሚዳርጉት ችግሮች አንዱ የእግር በሽታ ነው። ከሕንድ ውጭ ባሉ የእንስሳት ማቆያዎችም ያው ነው።

ሁለተኛው ማስት የሚባለው ነገር ነው። ጎልማሳ ወንድ ዝሆን ዓመት እየጠበቀ ቴስቶስትሮኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለ ዕጢ ፈሳሽ ይወርዳል። ሽንቱ ይንጠባጠባል። ቁጡ ይሆናል። ይህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ዱር ቢሆን ሴት ፍለጋ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን እስኪያልፍ ድረስ ታስሮ ይቆማል። ከዚያም «ትእዛዝ ረስቷል» ተብሎ፣ እንደገና እስኪገዛ ድረስ በቡድን የሚደበደብበት ልማድ አለ። ፊልሙ ካጋለጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ለበዓል ተመራጭ የሆነው ደግሞ ትልልቅ ጥርስ ያለው ወንድ ዝሆን ነው። ማለትም በትክክል ማስት የሚገባው።

የአንድ ወር እረፍቱን አውቃለሁ፤ ጥሩ ነገር ነው። የቀሩት 11 ወራትስ?

ከሩቅ ተመልካች፦
ካናዳ ቁጭ ብሎ የኬራላን ሕዝብ ማረም ግን ልክ አይመስለኝም። የውጭ ሰው የራሱን ሚዛን ይዞ መጥቶ የሰው እምነት ላይ ሲፈርድ ስንት ጊዜ አየን።

ቀጥተኛዋ፦
የምን የውጭ ሰው! ኬራላ ተወልዳ፣ በሂንዱ ቤተሰብ ያደገች ሴት ናት። የሕንድ መንግሥት ራሱ ናሪ ሻክቲ የተባለውን የሴቶች ሽልማት ሰጥቷታል። ለነገሩ ነቃፊው እሷ ብቻ አይደለችም። የኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች በራሳቸው ተነሳሽነት ጉዳዩን ይዘው መርምረዋል። እነሱንስ ምን ልትላቸው ነው?

የሕግ ተማሪ፦
ፍርድ ቤቱ ከተነሳ ዝርዝሩን ላምጣ፤ ያለሱ ክርክሩ በስሜት ብቻ ይሄዳል።

የሕንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የ1972 ነው። ዝሆን በሕጉ ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት ውስጥ ነው። መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። ኬራላ ራሷ በ2003 በሰው እጅ ላሉ ዝሆኖች የአያያዝ ደንብ አውጥታለች፣ በ2012 አድሳዋለች። ስለዚህ የሕግ ድሃ አይደሉም።

በኖቬምበር 2024 ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ዝርዝር መመሪያ ሰጠ። በሰልፍ ላይ በዝሆንና በዝሆን መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር። ከሕዝቡና ከከበሮው 8 ሜትር ይራቁ። ርችት ከሚተኮስበት 100 ሜትር ይራቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በአውራ ጎዳና አይሰለፉ። የትሪሹር ፑራምን የሚያዘጋጁት ሁለቱ ቤተ መቅደሶች ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር መመሪያውን አገደ፤ ሊተገበር የሚችል አይደለም በሚል።

የታሪክ መምህር፦
አመሰግናለሁ ልጄ፣ ያልኩትን ነው ያረጋገጥክልኝ። አስሉት እስቲ። 15 ዝሆን ሲሰለፍ 14 ክፍተት አለ። በ3 ሜትር 42 ሜትር ይሆናል። የዝሆኖቹ ውፍረት ገና አልተቆጠረም። ብዙዎቹ የቤተ መቅደስ ግቢዎች ይህን አይችሉም። እንዲህ ያለ መመሪያ በሜትር ስም በዓሉን መከልከል ነው። መከልከል ከተፈለገ ደግሞ ሕግ አውጪው በግልጽ ይከልክል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ጋሼ፣ ቦታው ካልበቃ የሚቀነሰው የዝሆኑ ቁጥር ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም። 5 ዝሆን ቢሰለፍ በዓሉ በዓል አይሆንም?

ርቀቱ የመጣው ደግሞ ከባዶ አይደለም። መመሪያው በታገደ በሁለተኛው ወር፣ ፌብሩዋሪ 2025፣ ኮይላንዲ በተባለ ቦታ በቤተ መቅደስ በዓል ላይ ሁለት ዝሆኖች ተጋጩ። በርችት ደንግጠው ነው ተብሏል። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሰዎቹ ለበረከት የመጡ ምዕመናን ነበሩ።

ከሩቅ ተመልካች፦
አደጋ እኮ የትም አለ። ሰው በመኪናም ይሞታል። በዓል የሚያህል ነገር በአንድ አደጋ አይመዘንም።

ቀጥተኛዋ፦
አንድ ከሆነ ጥሩ። ቴቺኮቱካቩ ራማቻንድራንን ታውቀዋለህ? በኬራላ እጅግ ዝነኛው ዝሆን ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ አድናቂዎቹ ፎቶውን በየአውራ ጎዳናው ይሰቅላሉ። ይህ ዝሆን አንድ ዓይኑ አያይም። ባለፉት ዓመታት 13 ሰው ገድሏል ተብሎ ተዘግቧል። በፌብሩዋሪ 2019 ለአንድ የቤት ምረቃ ወስደውት ሁለት ሰው ገደለ። ታገደ። በሜይ ወር ሰዉ ቁጣውን ሲያሰማ፣ ሐኪሞች አዩትና የትሪሹር ፑራምን መጀመር የሚያበስረውን የቤተ መቅደስ በር እንዲከፍት ተፈቀደለት። ከሦስት ወር ብዙም አልዘለለም!

በአንድ ዓይኑ የማያይ፣ የተደናገጠ፣ በሺህ ሰው የተከበበ እንስሳ ነው። እኔ በሱ አልፈርድም። ግን እዚያ መሃል ያቆሙት ሰዎች ለነዚያ ሟቾች ቤተሰብ ምን ይላሉ?

ለጠባቂዎቹ፦
እስካሁን ማንም ያላነሳቸው ሰዎች አሉ። ፓፓን ይባላሉ፤ የዝሆን ጠባቂዎቹ።

ዝሆን ሲቆጣ መጀመሪያ የሚሞተው ጠባቂው ነው። አብሮት የሚያድረው እሱ፣ ሰንሰለቱን የሚፈታው እሱ፣ ፊቱ የሚቆመው እሱ። ገንዘቡ የሚገባው ግን ለባለቤቱና ለደላላው ነው። ዝነኛ ዝሆን ለአንድ ቀን በብዙ ገንዘብ ይከራያል። ስለዚህ በበዓል ወቅት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በጭነት መኪና ሲጓጓዝ ይከርማል። ጠባቂውም አብሮ ሳይተኛ ይከርማል። ያልተኛ ሰው ያልተኛ ዝሆን ይመራል። መንጠቆ ያለው በትር የሚበዛው እንዲህ ሲሆን ነው።

ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ በጠባቂው ላይ ይዘምታል። ይህ ቅር ይለኛል። ጠባቂ ሲቀያየርም ዝሆኑ ነው የሚጎዳው፤ አዲሱ ሰው የሚጀምረው በዱላ ነውና። ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና ሥልጠና የሌለበት ማሻሻያ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ይሄን ፈርሜ እቀበላለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሮቦት ዝሆን እንዳለ ሰምታችኋል? በ2023 ትሪሹር አውራጃ ውስጥ ኢሪንጃዳፒሊ የተባለ ቤተ መቅደስ ተቀብሎታል። የሰጡት የእንስሳት መብት ተሟጋቹ ፔታ ሕንድና ተዋናይዋ ፓርቫቲ ቲሩቮቱ ናቸው። ከ3 ሜትር በላይ ይቆማል፣ 800 ኪሎ ይመዝናል። ጆሮውን ያራግባል፣ ኩምቢውን ያነሳል፣ ሰው ይሸከማል። ቤተ መቅደሱም ሕያው ዝሆን ላለመጠቀም ቃል ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ታዲያ ለምን እንጨቃጨቃለን?

የታሪክ መምህር፦
አንድ ቤተ መቅደስ ወዶ ከመረጠ ምርቃቴ ነው። በግድ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዉ ዝሆኑን የሚያየው ሕያው ስለሆነ ነው፤ የሚተነፍስ፣ የሚያስፈራ፣ አምላክን የሚሸከም ፍጡር። ሞተር ያንን አይተካልኝም።

ደግሞ «ይውጡ» የምትሉ፣ ወዴት ነው የሚወጡት? ከሰው ጋር ዕድሜውን የኖረ ዝሆን ጫካ ብትለቁት ወደ መንደር ነው የሚመጣው። መጠለያ ይሠራል የምትሉት ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ዝሆኖች ናቸው። መሬቱን ማን ይሰጣል? ቀለቡን ማን ይችላል?

የእንስሳት ሐኪም፦
ጫካ ይለቀቁ ያለ የለም። እኔም አልደግፈውም። ሰው መፍራት ያቆመ ዝሆን ለገበሬ አደጋ ነው። በሰው እጅ ባሉ ዝሆኖች ሳንባ ነቀርሳም ይገኛል፤ የዱሮቹን ሊበክል ይችላል።

መጠለያ ግን በሰማይ ያለ ላም አይደለም። ኬራላ ውስጥ ኮቱር በተባለ ቦታ መንግሥት የሚያስተዳድረው የዝሆን ማገገሚያ አለ። ሰሜን ሕንድ፣ ማቱራ አጠገብ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ የዝሆን ሆስፒታል አለ። ቁጥሩን ለመሸከም አይበቁም፤ ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ አሁን ባሉበት እጅ ነው የሚቆዩት። ባሉበት ሆነው የአፈር ወለል፣ ጥላ፣ መታጠቢያ ውሃ፣ በየቀኑ መራመድ፣ ከሌላ ዝሆን ጋር መገናኘት ይቻላል። ይህ ሮኬት ሳይንስ አይደለም። የሚያስፈልገው ባለቤቱ ከኪራዩ ላይ ቆርጦ ለእንስሳው እንዲያወጣ መገደድ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ በር ነው። በ2022 የዱር እንስሳት ሕጉ ሲሻሻል፣ የባለቤትነት ሰርተፊኬት ያለው ዝሆን «ለሃይማኖታዊ ወይም ለማናቸውም ሌላ ዓላማ» እንዲተላለፍ ተፈቀደ። በ2024 ደግሞ የማስተላለፊያ ደንቡ ወጣ። «ማናቸውም» የሚለው ቃል ሁሉን ያስገባል። ሽያጩ ክልክል ቢሆንም በስጦታ ስም ገንዘብ እጅ ለእጅ ቢቀያየር ማን ይይዛል?

ኬራላ ውስጥ በሰው እጅ ያሉ ዝሆኖች እምብዛም አይወልዱም። ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ሊሞላ የሚችለው ከሌላ ግዛት በሚመጣ ዝሆን ነው። ቀድሞም ብዙዎቹ የመጡት ከአሳምና ከቢሃር ነበር። የእያንዳንዱን ዝሆን ዘር ወደ ኋላ ብትቆጥሩት መጨረሻው ጫካ ነው። የእስያ ዝሆን ደግሞ በዱር የቀረው ከ50,000 እንደማይበልጥ ነው የሚገመተው። ከአገሮች ሁሉ ብዙውን የያዘችው ሕንድ ናት። ባህሉ በዚህ ዓይነት ከቀጠለ ዋጋውን የሚከፍለው የአሳም ጫካ ነው።

ቀጥተኛዋ፦
ይሄ ነው ዋናው ነጥብ! መምህር፣ ይህን ይመልሱልን።

የታሪክ መምህር፦
እመልሳለሁ። አዲስ ዝሆን ከጫካም ሆነ ከሌላ ግዛት አይግባ ብትሉ እፈርማለሁ። ለጠባቂዎቹ የተባለውንም እፈርማለሁ። ርችቱ ይራቅ፤ እሱ ዝሆን በሌለበትም መተኮስ ይችላል። የታመመና ዓይኑ የማያይ አይሰለፍ። አሁን ያሉት ጤነኞች ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ በዓሉን ያድምቁ። ትውልዱ ሲያልቅ በዓሉም ቀስ ብሎ መልኩን ይለውጥ። ሕዝብ በራሱ ፍጥነት ነው የሚለወጠው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከጠበቅኩት በላይ ተቀራርበናል፤ አመሰግናለሁ። ግን የመጨረሻዋ ላይ አልስማማም። ዝሆን 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ወንድ ዝሆን በእርስዎ ሐሳብ ገና ከ30 እስከ 35 ዓመት በሰንሰለት ሊሰለፍ ነው። በየዓመቱ ማስት ይገባል፣ በየዓመቱ ይታሰራል። «ጤነኛ ነው» ብሎ የሚፈርመውስ ሐኪም ማነው? ባለቤቱ የሚከፍለው ከሆነ ፊርማው አያስተማምነኝም። የምስክር ወረቀቱን ከባለቤቱም ከቤተ መቅደሱም ነፃ የሆነ አካል ይስጥ። በዓል አዘጋጁም አንድ ዝሆን በወቅቱ ስንት ቀን እንደተሰለፈ አስቀድሞ ይፋ ያድርግ። ይህን ይቀበላሉ?

የታሪክ መምህር፦
የነፃ ሐኪሙን አዎ። ቀኑን ይፋ የማድረጉን ነገር ግን ከጠባቂዎቹ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለጠባቂዎቹ፦
እነሱ እንዲቀመጡ ከተጠሩ እኔም እስማማለሁ። እስከ ዛሬ ስብሰባው ላይ የሚጠሩት ባለቤቶቹ ብቻ ናቸው።