የሲራኩስን ግንብ ረድፍ የቆጠረው ወታደር፦ ታሪክ ለምታውቁ ሰዎች ጥያቄ አለኝ

ግንበኛው ከጀጎል

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የድሮ ቤትና የግቢ ካብ ስጠግን 19 ዓመት ሆኖኛል። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ማታ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሰሞኑን ስለ አርኪሜደስ፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ለምን እንደሚቀል ስታነብ፣ ከተማው ሲራኩስ በሮማውያን ስትከበብ በመሣሪያዎቹ እንደተከላከለላት የሚል ነገር አገኘች። “አባዬ፣ ይሄ የውሃው ሰውዬ እንዴት የጦር ሰው ሆነ?” ስትለኝ መልስ አጣሁ። በማግስቱ ሥራ ላይ ይህንኑ ሳወራ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ “ያችን ከተማ ያስያዛት እኮ የግንቡን ድንጋይ ረድፍ የቆጠረ ወታደር ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ረድፍ መቁጠር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ቤት ሥራ ለማየት ስሄድ ሜትር ሳላወጣ ቁመቱን የምገምተው በዚያ ነው። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ፣ መጋጠሚያው አንድ ሳንቲ ተኩል፤ 15 ረድፍ ካየሁ ሦስት ሜትር ከሃያ ብዬ የመወጣጫውን እንጨት አዛለሁ። ግን ከተማ በዚህ ይያዛል? ነገሩ እውነት ነው? አርኪሜደስ ያን ያህል ብልህ ከነበረ እንዴት ይቺ አመለጠችው? ደግሞስ አዛዡ እሱ ነበር ወይስ ሌላ?

መምህሩ ከከዚራ

ወንድሜ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ድሬዳዋ ታሪክ ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ከበባ ባነሳሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ከረዘመብህ ታገሠኝ።

ሲራኩስ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለች፣ ግሪኮች የቆረቆሯት ከተማ ናት። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ ሦስት ቀን የተቀመጠባት ማለት ነው። ንጉሥ ሂየሮን ከ50 ዓመት በላይ ገዝቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ሞተ፤ ከሮም ጋር የነበረው ወዳጅነትም ከእሱ ጋር ተቀበረ። ዙፋኑን የወረሰው የልጅ ልጁ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ተገደለ። ከተማይቱ የሮም ጠላት የነበረው የካርቴጅ ጦር መሪ የሃኒባል ሰዎች በሆኑ ሁለት ወንድማማቾች፣ በሂፖክራተስና በኤፒኪደስ እጅ ገባች። የመጨረሻ ጥያቄህን ልመልስ፦ አዛዦቹ እነዚህ ናቸው። አርኪሜደስ 70 ያለፈው ሽማግሌ ነበር፤ ሹመት አልነበረውም።

በ213 ሮማውያን መጡ። የጦር አዛዣቸው ማርሴሉስ በባሕር 60 መርከብ ይዞ፣ አፒየስ ክላውዲየስ በየብስ በኩል። በአምስት ቀን ዝግጅታችንን ጨርሰን እንቀድማቸዋለን ብለው ነበር የተነሡት።

ለልጅህ እንዲህ በላት፦ የውሃው ሰውዬ የጦር ሰው የሆነው ጠላት ደጅ ሲደርስ አይደለም። ሂየሮን ገና በሰላሙ ጊዜ ለምኖ፣ ወጪውን ችሎ፣ መሣሪያዎቹን አሠርቶ አስቀምጧል። አንድ ቀን ሳይጠቀምባቸው ነው የሞተው። ለእኔ የዚህ ጦርነት ትልቁ መሪ እሱ፣ የሞተው ሰውዬ ነው።

አሁን ወደ ግንቡ። መርከቦቹ ገና ሩቅ ሳሉ ትልልቆቹ ድንጋይ ወርዋሪዎች ይቀበሏቸዋል። ቀረብ ሲሉ የትልቁ ድንጋይ በላያቸው እያለፈ ይወድቃል፤ ያኔ በዚያው ርቀት ልክ የተሠሩ አነስ ያሉት ይተካሉ፣ ከዚያ ደግሞ ከእነሱ የሚያንሱት። መርከብ የሚያርፍበት ክፍተት አልተተወም። ማርሴሉስ በሌሊት ሾልኮ ከግንቡ ሥር ቢደርስ፣ እዚያም በሰው ቁመት ልክ የተፈለፈሉ ቀዳዳዎች ጠበቁት። በውጭ በኩል አፋቸው አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ነው፤ በውስጥ ግን ቀስተኞች ቆመውባቸዋል።

ሮማውያን መርከብ ከመርከብ አስረው በላዩ ትልቅ መሰላል ጭነው ሲመጡ፣ ግንቡ ላይ ተኝተው የነበሩ ግንዶች ተነሥተው ወደ ባሕሩ ዞሩ። አንዳንዱ ሁለት ኩንታል ተኩል የሚመዝን ድንጋይ መሰላሉ ላይ ይጥላል። ሌላው ሰንሰለት አለው፣ በሰንሰለቱ ጫፍ የብረት ጥፍር። ጥፍሩ የመርከቡን አፍንጫ ሲነክስ፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች የግንዱን ሌላ ጫፍ ወደ ታች ይጫኑታል። መርከቡ አፍንጫው ወደ ሰማይ ሆኖ በኋላው ይቆማል። ግንዱን እዚያው ያስሩትና ጥፍሩን በድንገት ይለቁታል። አንዱ በጎኑ ይወድቃል፣ አንዱ ይገለበጣል፣ ሌላው ውሃ ይሞላል። በመጨረሻ የሮም ወታደር ከግንቡ በላይ ገመድ ብቅ ሲል ካየ፣ ወይም ቁራጭ እንጨት፣ “መጣብን!” ብሎ ጀርባውን ይሰጥ ነበር።

ማርሴሉስ በኃይል መግባቱን ተወው። ስምንት ወር ያህል ተቀምጦ በረሃብ ሊያስገብራቸው ሞከረ።

አሁን ያንተ ነገር። ሮማውያን ደሚፐስ የሚባል የስፓርታ ሰው ባሕር ላይ ማረኩ። ሲራኩሶች ሊዋጁት ፈለጉ፤ ድርድሩም ጋሌአግራ በሚባል ግንብ አጠገብ ብዙ ጊዜ ተካሄደ። እዚያ ከተገኙት ሮማውያን አንዱ፣ ሌላው ሲነጋገር፣ ድንጋዩን ቆጠረ። የአንዱን ቁመት በዓይኑ ገምቶ በረድፉ ብዛት አባዛ፤ ግንቡ ይታሰብ ከነበረው ያነሰ፣ መካከለኛ መሰላል የሚበቃው ሆኖ አገኘው። ለማርሴሉስ ነገረው።

የሳቢያን ልጅ

መምህር፣ አርኪሜደስ መርከቦቹን በመስታወት ፀሐይ አንጸባርቆ አቃጠላቸው የሚባለውስ? እኛ ስንማር የሰማነው እሱን ነበር።

መምህሩ ከከዚራ

ልጄ፣ ለዘመኑ ቅርብ የሆነው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ጥፍሩንም ወርዋሪውንም ቀዳዳውንም በዝርዝር ጽፏል፤ ስለ መስታወት አንድ ቃል የለም። ወሬው የመጣው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። መርከብ ቢቃጠል ኖሮ ዝም የሚለው አይመስለኝም።

ግንበኛው ከጀጎል

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ጥፍሩ ላይ ስደርስ አስቁማኝ ድገመው አለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ስለሆነ። ሰውዬው ሊቆጥር የቻለው ግንቡ ከጥርብ ድንጋይ፣ ቁመቱ እኩል በሆነ ረድፍ ስለተሠራ መሆን አለበት። ጥሩ ግንበኛ የሠራው ስለሆነ ነው የተቆጠረው! ይህን ሳስበው ልቤን ነካው። እነዚያ ሰዎች ቱምቢ ጥለው፣ ክር ወጥረው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ አስተካክለው ሠሩ፤ ያ ጥንቃቄያቸው ለጠላት ሜትር ሆነው።

የእኛ ጀጎል እንዲህ አይደለም። ትልቅ ድንጋይ፣ ትንሽ ድንጋይ፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ፤ ረድፉ አንድ ቦታ ይጀምርና ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይጠፋል። ስጠግን ድንጋዩን የምመርጠው በመጠኑ ሳይሆን ክፍተቱ በሚጠይቀው ቅርጽ ነው፤ እያገላበጥኩ፣ እየሞከርኩ።

ደግሞ ያን የሲራኩስ ግንብ ማን ሠራው? በስንት ጊዜ?

መምህሩ ከከዚራ

ገምተህ ነው ግን ትክክል ነህ፤ ፖሊቢየስ ረድፉ እኩል ስለነበረ ስሌቱ ቀላል ሆነ ይላል።

ስለ አሠራሩ ያልከው ያስደስትሃል። የሰሜኑን ግንብ ያሠራው ዲዮኒስዮስ የሚባል ገዢ ነው፣ ከዚህ ከበባ 190 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህሉ በ20 ቀን አለቀ ተብሎ ተጽፏል። 60,000 ሰው፣ 6,000 ጥማድ በሬ። በየ100 ጫማው፣ ማለትም በየ30 ሜትሩ፣ አንድ ግንበኛ ተመድቦ 200 የጉልበት ሠራተኛ ይሰጠዋል። ፈጥኖ ለጨረሰ ሽልማት አለ። ገዢው ራሱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል፤ ሥራው የከበደበት ቦታ ገብቶ ያግዛል።

ግንበኛው ከጀጎል

200 ሰው ለ30 ሜትር! እኔ አራት ረዳት ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ። ጀጎል ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ አሠራር ሁለት ሳምንት አይፈጅም ነበር ማለት ነው። ግን ገዢው አብሮ ድንጋይ ሲያነሳ የሠራተኛው ክንድ እንዴት እንደሚበረታ አውቃለሁ። ባለቤቱ ጃኬቱን አውልቆ አሸዋ ያቀበለን ቀን የሠራነውን ግድግዳ እስከ ዛሬ ሳልፍ አየዋለሁ።

የኤረር በር እናት

ልጄ ግንበኛው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ፣ እኛ አርጎ በሪ የምንለው በር አጠገብ ነው።

የሩቁን ካነሳችሁ የቅርቡን አትርሱ። ጀጎልን ያሠራው አሚር ኑር ነው፣ የኢማም አሕመድ የእህት ልጅ። በፈረንጆች 1559 ከንጉሥ ገላውዴዎስ ጋር ሊዋጋ ርቆ በሄደበት ጊዜ ራስ ሐመልማል ሐረርን መቷት፣ ሱልጣን በረካት ተገደለ። ኑር ንጉሡን ገድሎ ድል አድርጎ ተመለሰ፤ ቤቱ ግን ሐዘን ነበር። ጦሩ ሩቅ ሲሆን ከተማ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ነው ይህን ግንብ ያቆመው። አምስት በር ብቻ ተወለት፤ በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር። የኦሮሞ ጦር አገሩን ሁሉ ሲያጥለቀልቅ ከተማይቱ ሳትያዝ ቆየች። እሱ ራሱን የገደለው ጦር አይደለም፣ ወረርሽኝ ነው፤ ከረሃቡ ጋር ተያይዞ የገባው።

ግንብ ጠላትን ያቆማል፣ በሽታን አያቆምም። በሲራኩስስ በሽታ አልገባም ነበር?

መምህሩ ከከዚራ

እናቴ፣ ገብቷል። ካርቴጆች ለሲራኩስ ሊደርሱላት የላኩት ጦር ረግረግ ውስጥ ሰፍሮ በ212 ወረርሽኝ ጨረሰው፤ ሂፖክራተስም እዚያው ሞተ።

ጡረተኛው ዘብ

አቦ፣ ሁላችሁም ስለ ድንጋዩ ታወራላችሁ። መምህር፣ የቀረውን ንገራቸው እንጂ። ረድፍ ቆጥሮ ቁመት ማወቅ ብቻውን ምን ይሠራል? ግንቡ ላይ ዘብ አልነበረም ወይ?

በነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ስትጠቃ ወጣት ሚሊሻ ነበርኩ። ጅጅጋ ከተያዘች በኋላ ሐረር ዳር ምሽግ ውስጥ ገባን። የ1970 ገና ዋዜማ ሌሊት አንድ ሃምሳ አለቃ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረ የእያንዳንዳችንን ኮዳ እየከፈተ ያሸት ነበር። ምንም አይናገርም፤ ያሸታል፣ ይመልሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኛም በልባችን ሰደብነው። አሁን ሳስበው እስከ ነጋ ድረስ ያላንቀላፋው እሱ ብቻ ነው።

መምህሩ ከከዚራ

ጋሼ፣ ዋናውን ነካኸው። ያ ቦታ ዝቅ ያለ መሆኑን ሲራኩሶችም ያውቁ ስለነበር በደንብ ይጠብቁት ነበር። ማርሴሉስ ዕድል ሲጠብቅ ከከተማው የከዳ አንድ ሰው፣ ሰዉ ሦስት ቀን የአርጤምስን በዓል እንደሚያከብር ነገረው። ከበባ ስለሆነ እህል የለም፤ ወይን ጠጅ ግን ሞልቷል። ያን ወይን ለሕዝቡ የሰጠው ማን ይመስልሃል? አዛዡ ኤፒኪደስ ራሱ ነው። በባዶ ሆድ ጠጡት።

ሌሊት አንድ ሺህ ያህል የሮም ወታደር በቀጭን ተርታ፣ ድምፅ ሳያሰማ መሰላሉን አቆመ። ማማዎቹ ላይ ዘቦቹ ገሚሱ እየጠጣ ነው፣ ገሚሱ ሰክሮ ተኝቷል። በተኙበት ገደሏቸው። ወደ ንጋት ላይ ሄክሳፒሎን የሚባለው በር ተሰብሮ ጦሩ ገባ። ማርሴሉስ ከከፍታው ላይ ሆኖ ከተማይቱን ቁልቁል ሲያይ አለቀሰ ይባላል። የቀረው የከተማው ክፍል ጥቂት ወራት ቆይቶ በአንድ የስፔን ቅጥረኛ ክህደት ተያዘ። ኤፒኪደስ ከዚያ በፊት አምልጦ ነበር።

አርኪሜደስ አላመለጠም። ማርሴሉስ እንዳይነካ አዝዞ ነበር፤ ያላወቀው ወታደር ገደለው። መቃብሩ ላይ ኳስና ሲሊንደር ተቀረጸለት። ከ137 ዓመት በኋላ ኪኬሮ የሚባል ሮማዊ ሹም ድንጋዩን በእሾህና በቁጥቋጦ ተውጦ አገኘው፤ የአገሩ ሰዎች ቦታውን ረስተውት ነበር።

ግንበኛው ከጀጎል

ጋሼ፣ መምህር፣ እናቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሃምሳ አለቃውን ታሪክ ስነግራት ልጄ፣ “እሱ ሲራኩስ ቢሆን ኖሮ አርኪሜደስ አይሞትም ነበር” አለች።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ በቡዳ በር በኩል ወደ ውጭ ወሰድኳትና ከግንቡ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ እንድትቆም አደረግኋት። “እስቲ አንቺ የሮም ወታደር ነሽ፣ ረድፉን ቁጠሪልኝ” አልኳት። ጣቷን ቀስራ ከታች ወደ ላይ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። መጀመሪያ 17፣ ቀጥሎ 21፣ ከዚያ 19 አለችኝ።