ኬታሚን በሕፃናት አንጎል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተደረጉ ጥናቶች ምን ያህል ያሳስባሉ?

የሕፃን አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ዓመት ልጄ በቅርቡ የቡአ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ማደንዘዣው ኬታሚን እንደሚሆንም ተነግሮኛል። መድኃኒቱ የጨቅላ እንስሳትን የአንጎል ሕዋሳት እንደሚገድል በማንበቤ እጅግ ተጨንቄአለሁ። ይህ ለልጄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ባለሙያ ካለ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የአኔስቴዥያ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ስጋትዎ መሠረት አለው። ኬታሚን ኤንኤምዲኤ የተባለውን ተቀባይ፣ ማለትም ግሉታሜት የሚባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያርፍበትን የሕዋስ ክፍል፣ ይዘጋል፤ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ደግሞ ሕዋሳቱ በሕይወት እንዲቆዩ ይህን ተቀባይ ይፈልጋል። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያብራራው በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የሬሰስ ጦጣዎች ጥናት ነው፤ የአምስት ቀን ግልገሎች መድኃኒቱን ለ24 ሰዓት ያለማቋረጥ ሲወስዱ የሕዋስ ሞት ጨመረ፤ ለ3 ሰዓት ብቻ በወሰዱት ላይ ግን ይህ አልታየም፤ 35 ቀን የሞላቸውም 24 ሰዓት ሙሉ ወስደው እንኳ ጉልህ ጉዳት አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ወሳኞቹ ዕድሜና የቆይታ ጊዜ ናቸው።

የፋርማኮሎጂ መምህርት፦
በሰው ልጆች ላይ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው 722 ሕፃናትን ካሳተፈው ጋስ ከተባለው ጥናት ነው። ሕፃናቱ ለቡአ ቀዶ ሕክምና በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ሴቮፍሉሬን በተባለ በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ ተኝተው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሳይተኙ ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘው ታከሙ፤ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በአእምሮ ብቃት ልዩነት አልታየባቸውም። ነገር ግን የተጠናው ሴቮፍሉሬን ስለሆነ፣ የማደንዘዣው ቆይታም በአማካይ ከአንድ ሰዓት በታች ስለነበረ፣ ውጤቱን በቀጥታ ለኬታሚን ማስረጃ ማድረግ አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስጠንቀቂያም የሚያተኩረው ከ3 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከ3 ሰዓት በላይ በሚቆይ ወይም በተደጋጋሚ በሚሰጥ ማደንዘዣ ላይ ነው።

የሕፃን አባት፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ መድኃኒት እንዲመረጥለት ልጠይቅ ይሆን?

የአኔስቴዥያ ባለሙያ፦
መጠየቅ መብትዎ ነው። ሆኖም ኬታሚን አብዛኛውን ጊዜ አተነፋፈስን ስለማያዳክምና የደም ግፊትን ስለማያወርድ፣ መሣሪያ በማይሟላባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ለአንጎል ይበልጥ አደገኛው የኦክስጅን እጥረት በመሆኑ፣ እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው በጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረግለት እንደሆነና እስኪነቃ ድረስ ማን አጠገቡ እንደሚቆይ ነው። ሲነቃ ዓይኖቹ ሊርገበገቡ፣ ምራቅ ሊበዛበት፣ ሊቃዥና ሊያለቅስ ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልፍ ጸጥ ባለ ክፍል አጠገቡ ይሁኑለት።