«ኤ ካፕል ኦቭ ዴይስ» ሁለት ቀን ነው ወይስ ጥቂት ቀን?

ቃል ፈላጊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ ያመለከትሁበት አንድ የውጭ ድርጅት ባለፈው ሰኞ «በኤ ካፕል ኦቭ ዴይስ ውስጥ ውጤቱን እናሳውቅዎታለን» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ የማውቀው «ካፕል» ጥንድ ማለት መሆኑን ነው። ረቡዕን ጠበቅሁ፣ የለም። ሐሙስም አለፈ። ዛሬ ዓርብ ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ይህን ሐረግ ሲናገሩ በልባቸው የያዙት ሁለትን ነው ወይስ እንዲያው በደፈናው ነው? ልጻፍላቸው ወይስ ልታገሥ?

ሰዋስው ወዳድ፦
በደፈናው ነው ወንድሜ። ሜሪያም ዌብስተርን ብትገልጥ፣ ኦክስፎርድን ብትገልጥ ሁለቱንም ትርጉም ታገኛለህ፤ አንዱ ልክ ሁለት፣ ሌላው ጥቂት። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ስም ነው። ስለ ሰዎች «ዘ ካፕል» ከተባለ ባልና ሚስት ወይም ፍቅረኞች ናቸው፤ እዚያ ሦስተኛ ሰው ከገባ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጊዜ ላይ ሲመጣ ግን ይላላል። እኔ እንዳስተዋልሁት መለኪያው ባነሰ ቁጥር ልቅነቱ ይብሳል። «ካፕል ኦቭ ሚኒትስ» ያለህ ሰው ሰዓቱን አይቶ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ዋሸ አይባልም። «ካፕል ኦቭ ዊክስ» ካለህ ግን አሥራ አራተኛው ቀን አካባቢ ትጠብቀዋለህ። ቀን መሀል ላይ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰው ቀን ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀን ማለቱ ነው። እስከ ማክሰኞ ታገሥና ካልመጣ ጻፍላቸው።

ሌላም ነገር ልጨምር። አሜሪካውያን «ኦቭ»ን ውጠው «ኤ ካፕል ዴይስ» ይላሉ። እንግሊዞች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ «ኤ ካፕል ሞር ዴይስ» ሲባል ግን እነሱም ራሳቸው «ኦቭ»ን ይጥሏታል።

ጥንቁቅ፦
እኔ አልስማማም። ካፕል ሁለት ነው፣ አለቀ። ለጥቂት «ኤ ፊው» አላቸው፤ ከዚያ ከፍ ላለው «ሰቨራል» አላቸው። ሦስት ቃል ያለው ሰው ሦስት ነገር ይለያል። «ካፕል»ን ለሦስትም ለአራትም የሚያውለው ስንፍና ነው። እኛ ደግሞ የእነሱን ስንፍና እንደ ትርጉም እየመዘገብን ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
እንዳንተ የሚሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አሉ፤ ባልና ሚስት እንኳ ይከራከሩበታል። አንዷ «ካፕል» ብላ ሁለት ብርቱካን ትጠብቃለች፣ አንዱ አራት ይዞ ይመጣል። ግን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚባለውን ልንገርህ፤ እዚያ «ኤ ካፕል ስሪ ዴይስ» የሚሉ ሰዎች አሉ። «ካፕል ሦስት ቀን» እንደ ማለት ነው።

ጥንቁቅ፦
ይህማ የመሰከረው ለእኔ ነው! «ሁለት ሦስት» ለማለት መጀመሪያ «ካፕል»ን ሁለት ማድረግ ያስፈልጋል።

ሰዋስው ወዳድ፦
እሺ፣ እዚህች ላይ ይዘኸኛል።

የቆሎ ተማሪ፦
ልጆች፣ ሥሩን ብታዩት ሁለታችሁም መጠጊያ አታጡም። ቃሉ ከላቲኑ «ኮፑላ» ይመጣል፤ ማሰሪያ፣ ማያያዣ ማለት ነው። የሰዋስው ሊቃውንት «ነው»ን የመሰለውን አያያዥ ግሥ «ኮፑላ» የሚሉትም ለዚህ ነው። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሁለት አዳኝ ውሾችን አንገት ለአንገት የሚያያይዘው ማሰሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። የእንግሊዝ ቀበሮ አዳኞች እስከ ዛሬ ውሾቻቸውን የሚቆጥሩት በካፕል ነው። ሠላሳ አንድ ውሻ ያለው ሰው «አሥራ አምስት ተኩል ካፕል አለኝ» ይላል። ተኩሏ አንድ ውሻ መሆኗ ነው! እዚያ ላይ ካፕል ከሁለት ንቅንቅ አይልም።

የእኛ «ጥማድ»ም ሩቅ አይደለም። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ነበሩ፤ ከዚያ ጥማዱ በቀን የሚያርሰው መሬት በስሙ ተጠራ። ጥማድ መሬት ያለውን ገበሬ ስንት ካሬ ሜትር ነው ብትሉት በዓይኑ ነው የሚነግራችሁ። እናም ጥንቁቅ ልጄ፣ የያዝኸው እውነት የውሾቹን ነው፤ የቀኖቹን አይደለም።

አስተርጓሚዋ፦
የኔታ፣ እኔን ከውሾቹ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሕፃናቱ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ አስተረጉማለሁ። ሕፃን ሲከተብ ሐኪሞቹ ለእናቲቱ የሚሏት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፣ «ለካፕል ኦቭ ዴይስ»። ሁለት ቀን ብዬ ብተረጉም በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጇን ታቅፋ ድንገተኛ ክፍል ትደርሳለች። ጥቂት ቀናት ብል ደግሞ ሳምንት ሙሉ ልትታገሥ ትችላለች። አስተርጓሚ ከራሱ ቁጥር መምረጥ አይፈቀድለትም፤ የላላውን እንደ ላላ ማስተላለፍ ነው ሥራው። ስለዚህ «ለሁለት ሦስት ቀን» እላለሁ።

አንዲት እናት ታዲያ «ሁለት ነው ሦስት?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። ጥያቄዋን እንዳለ ወደ ሐኪሟ መለስሁት። ሐኪሟ ለጊዜው መልስ አጣች፤ ሐረጉ ቁጥር ይኖረዋል ብላ አስባ የምታውቅ አልመሰለኝም። ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች «ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ከዚያ ካለፈ ደውዪልን» አለቻት። እናቲቱም በጣቷ አብራ ቆጠረች። መድኃኒት ማዘዣ ላይ ይህን ሐረግ አይቼው አላውቅም፤ እዚያ ሁሉም ነገር በአኃዝ ነው።

የጎጃሙ፦
እህቴ፣ «ሁለት ሦስት ቀን» ጥሩ ነው፤ ለቀላል ወሬ ግን «አንድ ሁለት ቀን» ይበልጥ ይቀርበዋል። «አንድ ሁለት ቀን አሞኝ ነበር» ያለ ሰው አንድም ሁለትም አልቆጠረም፤ ብዙ አልቆየብኝም ማለቱ ነው። ጥንቁቅ ይህንንም ስንፍና ይለው ይሆናል።

ስለ ቁጥር ከተነሣ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ «የዛሬ ስምንት» ስንል ሰባት ቀን ነው የምንጠብቀው፣ «የዛሬ አሥራ አምስት» ስንል አሥራ አራት። መነሻዋን ዕለትም ስለምንቆጥራት ነው። «ሳምንት» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዙ ስምንተኛ የመጣ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ለሁለት ሳምንት «ፎርትናይት» ይላሉ፤ አሥራ አራት ሌሊት ከሚል የጥንት አነጋገር የተጨመቀ። የጀርመን ነገዶች ጊዜን በቀን ሳይሆን በሌሊት እንደሚቆጥሩ ሮማዊው ታኪተስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጽፎታል፤ እንግሊዝኛ የእነሱ ልጅ ነው። እኛ አሥራ አምስት ቀን ብለን፣ እነሱ አሥራ አራት ሌሊት ብለው፣ የምንገናኘው በአንድ ዕለት ነው። አሜሪካዊ ግን «ፎርትናይት» ብትሉት ልጆች በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው የሚመስለው። እንግሊዞች ደግሞ «መንደይ ዊክ» የሚሉት አላቸው፤ ቃል በቃል የእኛው «የሰኞ ሳምንት» ነው።

ቃል ፈላጊ፦
የኔታ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። በአውሮፕላን ስሄድ አስተናጋጇ «ሞመንተሪሊ እናርፋለን» አለች፣ አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ እንግሊዛዊ ሳቀ። ምን አሳቀው?

ሰዋስው ወዳድ፦
እኔ ልመልስለት። ለአሜሪካዊ «ከአፍታ በኋላ» ነው፣ ለእንግሊዛዊ «ለአፍታ ያህል»። ሽማግሌው የሰማው ለአፍታ አርፈን ተመልሰን እንነሣለን ብሎ ነው። ሻንጣህን ለማውረድ አትደርስም!

የቆሎ ተማሪ፦
ደግ ተናገርህ። እንግሊዝኛ የአጭር ጊዜ ቃላት ላይ እንዲህ ሲንሸራተት የኖረ ቋንቋ ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 25ን ግለጡ። የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት ስትለምን አማርኛው «አሁን» ይላል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን «ባይ ኤንድ ባይ» ነው የሚለው። የዚያን ዘመን እንግሊዛዊ ወዲያውኑ ብሎ ሰማው። የዛሬው ሲያነበው ልጅቷ «ቀስ ብለህ፣ ሲመችህ» ያለች ይመስለዋል፤ የታሪኩ ጭካኔ ሁሉ ይጠፋበታል። ዛሬ «በቅርቡ» የምንለው «ሱን»ም በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሶና» ነበር፣ ትርጉሙም ያኔውኑ። «አነን» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሰው አሁን እያለ ይዘገያል፤ ሰሚውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ቃሉን እንደ ዘገየው ሰው ይረዳዋል።

እኛንስ ቢሆን ማን ይፈርድብናል? ከቤት እየወጣን፣ ጀርባችንን እየሰጠን «መጣሁ» እንላለን። ያውም በኃላፊ ጊዜ!

ጄፒ ነኝ፦
የኔታ እዚህ ቢመጡ ይደነቁ ነበር። ጆሃንስበርግ ሱቅ አለኝ። እዚህ አገር እንግሊዝኛ ውስጥ «ጀስት ናው» ማለት አሁን አይደለም፤ ቆየት ብሎ፣ ምናልባት ከሰዓት፣ ምናልባትም ጨርሶ የማይሆን ነው። ቶሎ ለማለት ከፈለጉ «ናው ናው» ይላሉ። ከአፍሪካንስ ቋንቋ የወሰዱት ነው፤ እዚያም «ኔትናው» እና «ናውናው» አለ። አዲስ የመጣ የአገሬ ልጅ ይህን ሳያውቅ «ጀስት ናው» ያለውን ደንበኛ በር በሩን እያየ ይጠብቃል።

አስተርጓሚዋ፦
ወንድም ጄፒ፣ ታዲያ ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ ምን ታደርጉታላችሁ?

ጄፒ ነኝ፦
«ጀስት ናው እመለሳለሁ» ብሎ ከሄደ ወደ መደርደሪያው እንመልሰዋለን። «ናው ናው» ካለ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፣ እስኪመሽ ድረስ። «መጣሁ» ብሎ የሚሄደው የአገራችን ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንቀበለዋለን።