68 ተማሪና አንድ ኳስ፦ የስፖርት ክፍለ ጊዜው የሁሉም እንዲሆን ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የ9ኛ ክፍል መምህር፣ ከደሴ)
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በከተማችን ዳርቻ በሚገኝ ትምህርት ቤት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 68 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሲሆን ደኅና የምንለው ኳስ አንድ ብቻ ነው። ሜዳ ስንወጣ 15 የሚሆኑ ወንዶች ኳሷን ይዘው ይሮጣሉ፤ የቀሩት፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ሹራባቸውን ደርበው ግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ውጤት እቀንሳለሁ ብዬ ባስፈራራም ለውጥ አላየሁም።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
መምህር፣ ተማሪዎችዎ ሰንፈው ሳይሆን ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ይመስለኛል። 40 ደቂቃው ለ68 ሲካፈል ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 35 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስም መጥሪያውና ሜዳ መውጫው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ክፍሉን 17 ተማሪ በያዙ አራት ምድቦች ይክፈሉትና በየ7 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ፦ በአንዱ ማዕዘን ገመድ ዝላይ፣ በሌላው የዱላ ቅብብል፣ በሦስተኛው ፑሽ አፕና ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በአራተኛው በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት የሚደረጉ ሁለት ጨዋታዎች፤ የሚተርፈው አንድ ተማሪ ዳኛ ይሆናል። ለሁለተኛው ጨዋታ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ራሳቸው ጠቅልለው በሲባጎ ያሰሩት ኳስ ይበቃል። «የተነካ ይውጣ» የሚባለውን ዓይነት ጨዋታ ግን ይተዉት፤ ቀድሞ የሚወጣው እንቅስቃሴው ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነውና። የተነካው አሥር ጊዜ ዘልሎ ይመለስ።

መልስ (መምህርት፣ ከሐይቅ)
ወንድሜ ያሉት ልክ ነው፤ ሆኖም ምድቡ ብቻውን ሴቶቹን ከግንቡ ሥር አያስነሣቸውም። በጀማሪነቴ ያረፈደውን ሁሉ ሜዳ እያስዞርኩ እቀጣ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሩጫ በተማሪዎቼ ዘንድ የቅጣት ስም ሆኖ አገኘሁት። በኋላ ስማቸውን ሳይጽፉ የማይወጡበትን ምክንያት በወረቀት እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ የጻፉት ስለ ሩጫው ሳይሆን ወንዶች እያዩ ስለመሳቃቸው፣ ልብስ መቀየሪያ ስለማጣታቸውና በወር አበባ ጊዜ ስለሚደርስባቸው ጭንቀት ነበር። አንድ ባዶ ክፍል ለቀቅንላቸው፤ ሂጃብና ረጅም ቀሚስ ከሱሪ ጋር ፈቀድን፤ ማሟሟቂያውንም በእስክስታ አደረግነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም በሆኑበት አገር ትከሻ ለማሟሟቅ የውጭ ሙዚቃ መፈለግ ለእኔ ትርፍ ድካም ነው! ማሟሟቂያውን በየሳምንቱ ተራ ገብተው የሚመሩት ተማሪዎቹ ናቸው።

መልስ (ከወልድያ)
ውጤቱን በተመለከተ፣ ፍጥነትን ብቻ ከለኩ ቀድሞውንም ፈጣን የነበረውን ሸለሙ ማለት ነው። ተማሪው የልብ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ያገኘውን በደብተሩ ይመዝግብ፤ የሚመዘነውም ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ልጅ ቶሎ ቢያለከልክ እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት። በረመዳን ደግሞ ጾመኞቹ ውኃ ስለማይጠጡ ክፍለ ጊዜው ወደ ጠዋት ቢዛወርና ከበድ ያለው ሩጫ በዒላማ ውርወራ ወይም በሰዓት ያዥነት ቢተካ ይሻላል፤ በዐቢይ ጾምም ሳይበሉ የሚያረፍዱ አሉና እነርሱም አይረሱ።

ጠያቂው (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምድቡን ሞከርኩ፤ በመጀመሪያው ቀን ፊሽካዬ እስከ ሩቁ ማዕዘን ስላልተሰማ ተደበላለቅን፤ አሁን መቀየሪያውን በባንዲራ አሳያለሁ። ግንቡ ሥር የሚቀሩት ወደ ዘጠኝ ወርደዋል። የተቸገርኩት በእነዚያ 15 ወንዶች ነው፤ «ኳሳችንን በ7 ደቂቃ ወሰዱብን» እያሉ ያኮርፋሉ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
ሁለቱን በዳኝነት፣ ሁለቱን በአሠልጣኝነት ይሹሟቸው፤ የቀሩትንም በአራቱ ምድብ ይበትኗቸው። አንድ ላይ ከተዋቸው ኩርፊያው አያልቅም።